ሰኔ 30 ያልተዘጋው ሒሳብ

የድሮ ሰው ሰኔ በሰኞ ሲብት ይፈራ ነበር። «ሰኔና ሰኞ ገጠመበት» የምንለው ከዚያ ነው። በ2017 ሰኔ የባተው እሑድ ስለነበር በዚያ በኩል ደኅና ነበርን። ሰኞ የዋለው መጨረሻው ነው፤ ሰኔ 30። ሒሳብ ክፍል የሚሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ከአሁኑ ትከሻው ይወጠራል። ለሌላው ላስረዳ፤ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ቀን ነው። ዓመቱን ሙሉ የወጣው፣ የገባው፣ የጠፋው፣ «ነገ አመጣዋለሁ» የተባለው ደረሰኝ ሁሉ ተሰብስቦ ፊትህ ይቆማል።

የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ስሙ ምንም አይጨምርላችሁም። ቅዳሜንም እሑድንም ቢሮ ዋልን። ሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ 1,350 ብር አልገጥም አለኝ። ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ ፋይሉን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አገላበጥኩ። ያው 1,350። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ መጥቷል። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። አለቃዬ «አለቀ?» ይላል። ባለቤቴ «እራት ላስቀምጥልህ?» ትላለች። ማን እንዳስገባኝ የማላውቀው ግሩፕ ደግሞ «መልካም ምሽት» የሚል የጽጌረዳ ፎቶ ይልካል።

ከዚያ ግራ እጄ ደነዘዘ። ልቤ መሮጥ ጀመረ። አየር አጠረኝ። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። እስካሁን የሚያሳፍረኝ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ልጆቼን አለመሆኑ ነው። «አሁን ብሞት 1,350 ብሩን በልቶ ነው የሞተው ይሉኛል» ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ባልደረባዬ ባጃጅ ጠርቶ አንድ ጤና ተቋም አደረሰኝ። ወጣቷ ነርስ ግፊቴን ለካች፤ 150 በ95። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጠፉብኝ። ሐኪሙ ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት አየት አደረገና «ልብዎ ደኅና ነው ጋሼ። ስትረስ ነው» አለኝ።

ሁለት ጊዜ ተከፋሁ። አንደኛ ገና በ41 ዓመቴ ጋሼ መባሌ። ሁለተኛ ስትረስ መባሌ። ስትረስ የፈረንጅ በሽታ ይመስለኝ ነበር፤ ካልሆነም የአዲስ አበባ ሰው። እኔ የመንዝ ገበሬ ልጅ ነኝ። በባዶ እግሬ ውርጭ ረግጬ ያደግሁ ሰው በ1,350 ብር እንዴት እወድቃለሁ?

ብሩ በማግስቱ ተገኘ። አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ኖሯል። በቃ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩት። ባሰብኩት ቁጥር ቋንቋችን ከሐኪሙ ቀድሞ እንደሚያውቀው ታየኝ። አንጀት ያራል። ጨጓራ ይላጣል። ልብ ይሰቀላል። ደም ይፈላል። ስትረስ የሚለውን ቃል ተውሰን ይሆናል፤ ነገሩን ግን አልተዋስንም። አማርኛ ውጥረትን ከሰውነት ለይቶ አያውቀውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማታ ከብት ስታስገባ ጅብ ገጠመህ እንበል። ከኩላሊቶችህ በላይ ቁጭ ያሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። በሰከንዶች ውስጥ አድሬናሊን ይረጫሉ። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ እየሸሸ ወደ እግርና ወደ ክንድ ይሄዳል። አፍህ የሚደርቀው፣ ሆድህ የሚገለባበጠው ለዚህ ነው፤ ከጅብ የምትሮጥ ሰው ምግብ መፍጨት ምን ያደርግልሃል? ደቂቃዎች ቆይቶ ኮርቲሶል የሚባለው ይከተላል። እሱ ስኳር ወደ ደም እየለቀቀ ጉልበቱ እንዳያልቅ ያደርጋል። ጅቡ ሲሄድ ሁለቱም ይወርዳሉ። ቤትህ ገብተህ ጅቡን ከነበረው በእጥፍ አሳድገህ ታወራለህ፣ ይሳቅብሃል፣ ትተኛለህ።

ችግሩ፣ ሰውነት ጅቡንና የአለቃን መልእክት ለይቶ አያውቅም። ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ላይ «ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ብቅ በል» የሚል መልእክት ደርሷችሁ ያውቃል? ለምን እንደሆነ አይልም። «ብቅ በል» ብቻ። ያ ጅብ ዓርብ ይመጣል፣ ቅዳሜና እሑድን ደጃፍህ ላይ ተኝቶ ይሰነብታል። ሰኞ ስትገባ የተፈለግኸው ለኮሚቴ ልትመረጥ ነው።

ስትረስ የሚለውን ቃል በሕክምናው ዓለም ያስለመደው ሃንስ ሰልዬ የሚባል በሞንትሪያል ይሠራ የነበረ ተመራማሪ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጭር ጽሑፍ አይጦችን በተለያየ መከራ ማሳለፉን ጻፈ። አንዳንዱን አቆሰለ፣ አንዳንዱን ከአቅም በላይ አሠራ፣ ለአንዳንዱ መድኃኒት ከመጠን በላይ ሰጠ፣ አንዳንዱን ብርድ ላይ አኖረ። መከራው ይለያይ እንጂ የሰውነታቸው መልስ አንድ ዓይነት ሆነ። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አብጠዋል፣ በሽታ በመከላከል ሥራ ያለው የደረት ዕጢ ኮስምኗል፣ ሆድቃቸው ቆስሏል። መጀመሪያ ሰውነት ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ይቋቋማል፣ መከራው ካላቆመ በመጨረሻ ይዝላል፤ ሰልዬ ያለው ይህን ነው። ለብርዱ ወጪ ባላወጣ ነበር፤ አይጦቹን ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ቢልካቸው ይበቃው ነበር።

እናቴ ይህን ሁሉ ሳታነብ «ጨጓራህ ነው» አለችኝ። ግማሹን ልክ ናት። ለብዙ ዘመን ሐኪሞችም የጨጓራ ቁስል የሚመጣው ከሐሳብ ነው ይሉ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ከጉዳዩ ጀርባ ባክቴሪያ መኖሩን ደረሱበት። የሚያምናቸው ሲያጡ ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። በ2005 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙ። እኛ ሰፈር «ፓይሎሪ» የሚባለው እሱ ነው። እኔም ነበረብኝ፣ ታክሜ ጠፍቷል። ማቃጠሉ ግን ሰኔ ሰኔ ብቅ ይላል። ስለዚህ ሁሉንም በስትረስ ማሳበብ አያዋጣም። መጀመሪያ ተመርመሩ። ምርመራው ንጹሕ ሲሆን ደግሞ «ታዲያ ምንም የለብኝም» ብሎ መኩራትም አያዋጣም። እኔ ሁለቱንም ሞክሬአለሁ።

ሐምሌ ላይ ፈቃድ ወጣሁና እናቴ ዘንድ ወደ መሐል ሜዳ ጉዞ ጀመርኩ። ጣርማ በር ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። የሐምሌ ጣርማ በር ጉም ነው፤ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ እንኳን አፉ ላይ ካልቆምክ አይታይም። ሾፌሩና ረዳቱ ጎማ ሲታገሉ እኔ ወደ ገደሉ ጠርዝ ጠጋ አልኩ። ጉሙ ገለጥ ሲል አርባ የሚሆኑ ጭላዶች ሣር ላይ ተቀምጠዋል። ጭላዳ አይቸኩልም። ቂጡ ላይ ተደላድሎ በሁለት እጁ ሣር ይነጫል፣ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል፣ ፈቀቅ ይላል፣ ይነጫል። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቆዳ በጉሙ ውስጥ እንደ ፍም ያበራል።

ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አንድ ውሻ ብቅ አለ። አንዱ ጭላዳ ጮኸ። ዓይኔን ከድኜ እስክገልጥ ሜዳው ባዶ ሆነ፤ እናቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ፣ ሁሉም ገደሉ ውስጥ ናቸው። ሰው ቢሆን ተሰባብሮ ነበር። ውሻው ጠርዙ ላይ ቆሞ ጥቂት ጮኸና ሰልችቶት ሄደ። አሥር ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። መጀመሪያ አንድ ባለ ጎፈር ወንድ ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ። አየ። ወጣ። ተቀመጠ። መንጨት ጀመረ። ከዚያ ሌሎቹ ተከታትለው ወጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነ።

ቀኑ ሐምሌ 12 ነበር። እኔ ያንን 1,350 ብር ገና እየደመርኩ ነው። ብሩ ከተገኘ አሥራ አንድ ቀን አልፎታል።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የጭላዳው ፍርሃት ከኔ አያንስም፤ ገደል ነው የዘለለው። ልዩነቱ የሱ ፍርሃት ማብቂያ አለው። የኔ ማብቂያ የለውም። ብዙ ጊዜ «ጭንቀት እንዴት ይጥፋ» እንላለን። እኔ ግን ጥያቄው «ጭንቀቱ መቼ ያበቃል፣ ማብቃቱንስ ሰውነቴ በምን ያውቃል» የሚል ይመስለኛል።

(ዘመዱ ዝንጀሮ እንኳን እንደ ጭላዳ አልታደለም። ሮበርት ሳፖልስኪ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ኬንያ ውስጥ ዝንጀሮዎችን ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። መብሉን በጥቂት ሰዓት ጨርሶ የቀረውን ቀን እርስ በርሱ ሲነካከስና ሲናናቅ የሚውል ፍጡር ነው ይላል። በደረጃ ከታች ያሉት ዝንጀሮዎች ደማቸው ውስጥ የውጥረቱ ሆርሞን ከፍ ብሎ ይገኝ ነበር። መሥሪያ ቤት የገባ ሰው ይህን ለመረዳት ኬንያ መሄድ አያስፈልገውም።)

እናቴ ቤት አራት ቀን ቆየሁ። በመጀመሪያው ቀን ቡና ተፈላ። ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ አንዴ እሷን፣ አንዴ ስልኩን አያለሁ። አቦሉን ጠጣሁ። ቶናው ሲቀዳ አንድ መልእክት ገባና ወጣ ብዬ መለስኩ። ስመለስ ሲኒዬ ቀዝቅዟል። እናቴ ምንም አልተናገረችም። እጇን ዘረጋች፣ ስልኬን ተቀበለችኝ፣ የመሶቡን ክዳን አንሥታ እንጀራው አጠገብ አስቀመጠችና ከደነችው።

«እማዬ፣ ሥራ ነው እኮ።»

«በረካ ሳይጠጣ ከቡና አይነሣም። ሥራህ መሶብ አይበላም፣ ያገኝሃል።»

መሶቡ ውስጥ ሆኖ ሲንጫጫ ይሰማኛል። ድምፁ በስንደዶው ታፍኖ እንደ ንብ ነው። ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት አልፏል። ማንም አልሞተም። በእርግጥ ስልኬ ለሁለት ቀን የበርበሬ ሽታ ነበረው።

ከዚያ ወዲህ ነው የቆየው አኗኗራችን ስንት መዝጊያ እንደነበረው ማስተዋል የጀመርኩት። ቡና በረካ አለው። ለቅሶ ሰልስት አለው፣ አርባ አለው፣ ሙት ዓመት አለው። ሰው ሲሞት «እስከ መቼ ላልቅስ?» ብለህ አትጠይቅም፤ ቀኑን ጎረቤትና ዕድር ይቆጥሩልሃል፣ ንፍሮውን ያመጣሉ፣ ብቻህን አይተዉህም። ከዚያ ደግሞ «በቃ፣ ተነሥ» የሚሉህም እነሱ ናቸው። ምጥ የያዛት ሴት ጭንቅ ላይ ናት ይባላል፤ ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች፣ ጭንቁ ተዘጋ። መሬቱ ራሱ መዝጊያ ነበረው። የጓሳን ሣር የመንዝ አባቶች በራሳቸው ሕግ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጉት ነበር። የዘጉት ከብት እንዳይገባ፣ ማጭድ እንዳያርፍበት ነው። ሲደርስ ይከፈታል፣ ታጭዶ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። መሬት እንኳን ዓመት ተሰጥቶት ያርፋል።

የኔ ሥራ ግን ሰኔ 30 ማታ ይዘጋና ሐምሌ 1 ጠዋት ይከፈታል። ቴሌግራሜ አይዘጋም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ በየሳምንቱ የሚንር የዘይት ዋጋ፣ እነዚህ ሰልስት የላቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ጽሑፉ ውሸት ይሆናል። የገጠር ኑሮ ሰላም ነው፣ ጭንቀት የከተማ ነው ልል አይደለም። እናቴ የግፊት ኪኒን ትወስዳለች። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲደርስ፣ እሷ ያለችበት መንገድም ስልክም ተቆርጦ ትኑር አትኑር ሳላውቅ ሰንብቻለሁ። ስንገናኝ ከስታ ነበር። እኔም ከስቼ ነበር። ከዚያ ወዲህም ቢሆን አገሩ ደኅና አላደረም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤት ንብረታቸውን ጥለው መጥተው መጠለያ የከረሙ ሰዎች አሉ። እነሱን «በጥልቀት ተንፍሱ፣ ፖዚቲቭ አስቡ» ማለት ስድብ ነው። ያ ጭንቀት ማብቂያ የሚያገኘው መንገድ ሲከፈት፣ ቤት ሲገኝ፣ ሰላም ሲወርድ ነው። በቀጣይ የምጽፈው ሁሉ እንደኔ ላለው ነው፤ ጅቡ ሄዶ እንኳን ጅቡን ማስተናገድ ላልተወው ሰው።

ፖዚቲቭ ማሰብ ካልኩ አይቀር፣ መሥሪያ ቤታችን አንድ ጊዜ «ስትረስ ማኔጅመንት» የሚል ሥልጠና አዘጋጅቶ ነበር። ሆቴል አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ውኃ። አሠልጣኙ ዓይናችንን እንድንጨፍንና ራሳችንን ባሕር ዳር እንድናስብ ነገረን። ጨፈንኩ። ባሕር ዳር ያየሁት ባለፈው ዓመት ለስብሰባ ነው፤ ያልተወራረደ የውሎ አበል ትዝ አለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ስልኬ ላይ 17 ሚስድ ኮል አለ። ሁሉም ከቢሮ ነው።

ለኔ የሠራው ከዚያ አዳራሽ የመጣ አይደለም።

አንዱ ደብተር ነው። ከቢሮ ከመውጣቴ በፊት አምስት ደቂቃ ወስጄ ለነገ የቀረውን እጽፋለሁ። በእስክሪብቶ፣ በወረቀት። «የማክሰኞን ቫውቸር ማስፈረም። ግምጃ ቤት መደወል። የነዳጁን ደረሰኝ መጠየቅ።» በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 57 ወጣቶች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። ከመተኛታቸው በፊት የነገ ሥራቸውን የጻፉት፣ የሠሩትን ከጻፉት ይልቅ በአማካይ 9 ደቂቃ ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በዝርዝር የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ፈጥነዋል። ዘጠኝ ደቂቃ ምን ያደርጋል አትበሉ። ጣሪያ እያየ ያደረ ሰው ዘጠኝ ደቂቃ ስንት እንደሆነች ያውቃል። እኔ የማደርገው ማታ ሳይሆን ቢሮ ነው፣ ምክንያቱም ደብተሩ እዚያው ይቀራል። መሳቢያው ሲዘጋ «ቋ» ይላል። ያ «ቋ» ለኔ በረካ ነው።

ሌላው በእግር መሄድ ነው። ከቢሮ ቤቴ አርባ ደቂቃ ነው፤ በባጃጅ አሥር። አሁን የበሬሳን ወንዝ ተሻግሬ በእግሬ እሄዳለሁ። ሰውነቱ ቀኑን ሙሉ ለሩጫ ሲዘጋጅ ውሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስኳሩ ደም ውስጥ ነው፣ ጡንቻው ተወጥሯል። ካልተራመደ የት ያድርሰው? የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ከአለቃዬ ጋር በሐሳቤ እከራከራለሁ፣ ሁልጊዜም እረታዋለሁ። ከዚያ ጆሮዬን ብርዱ ሲቆነጥጠው ክርክሩ ይቀራል። እዚህ ከተማ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፤ የማታው ነፋስ ነገር አያስቀጥልም።

ትንፋሹን መጀመሪያ ንቄው ነበር። በኋላ አሠራሩን ሳነብ ተውኩ። አየር ስናስገባ ልብ ትንሽ ትፈጥናለች፣ ስናስወጣ ትዘገያለች። ይህን የሚቆጣጠረው ቬገስ የሚባል ከአንጎል ወርዶ እስከ ሆድ የሚደርስ ነርቭ ነው። ስለዚህ የሚወጣውን ትንፋሽ ካስረዘምከው ልብን በእጅህ እንደያዝካት ማለት ነው። እኔ እስከ አራት ቆጥሬ አስገባለሁ፣ እስከ ስድስት ቆጥሬ አስወጣለሁ፣ ለአምስት ደቂቃ። መቁጠር ለሰለቸው ሌላ መንገድ አለ። «እፎይ» በሉ። ቀስ ብላችሁ፣ አስረዝማችሁ፤ እ…ፎ…ይ። ቃሉ ራሱ ረጅም ትንፋሽ ነው። አያቶቻችን ሸክም ሲያወርዱ የሚሉት እሱን ነው።

ቡናን በተመለከተ እናቴን እንዳታሰሙብኝ። ካፌይን ከሰው ሰው ቢለያይም፣ ከጠጣኸው ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ ግማሹ ገና ሰውነትህ ውስጥ ነው። ማታ 11 ሰዓት ላይ የጠጣሁት ስኒ ማታ 4 ሰዓትም ከኔ ጋር አለ ማለት ነው። አሁን የመጨረሻዋን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አደርጋለሁ። ቅዳሜ ግን ሕጉ ይሰበራል። ከጎረቤት ጋር ሦስቱን ስኒ ጠጥቶ፣ አምቶና ታምቶ መነሣት እንቅልፍ ቢያሳጣም ሌላ የሚሰጠው ነገር አለ፤ ሁለቱን መዝኜ ነው።

አረቄ ሞክሬአለሁ። ሸዋ ነው፣ አይደበቅም። ሁለት መለኪያ ይዞህ ይወድቃል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን መልሶ ያነሣሃል፣ ያኔ ብቻህን ነህ። ተውኩት።

የከሸፈብኝ ስልኩ ነው። አለቃዬን በድፍረት «ከማታ 2 ሰዓት በኋላ አስቸኳይ ካልሆነ መልእክት ባይላክ» አልኩት። «ልክ ነህ» አለ፣ ግሩፑ ላይም ጻፈው፣ አሥራ ስድስት ሰው አውራ ጣት አደረገ። ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ ሁሉም መልእክት «አስቸኳይ፦» እያለ መጀመር ጀመረ። ባለፈው ማታ 4 ሰዓት ላይ «አስቸኳይ፦ ነገ የሻይ መዋጮ እንዳይረሳ» የሚል ደረሰን። አሁን ማታ ስልኬን እኔም እንጀራ ማስቀመጫው ውስጥ እከታለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀችብኝ፤ አሁን የሷም እዚያው ነው። ልጆቹ «ስልኩ ሻገተ ወይ?» እያሉ ይቀልዱብናል።

የማይቀለድበት ጉዳይም አለ። እንቅልፍ ለሳምንታት እምቢ ካለ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ አመድ አመድ ካለ፣ መኖር ካስጠላ፣ የሚሻለው ሐኪም ነው፤ ደብተርም መራመድም አይበቃም። እኛ አገር «አማኑኤል ገባ» ማለት ዘለፋ ሆኖ ስንቱ ቤቱ ተደብቆ ተሠቃየ። አማኑኤል ሆስፒታል ነው፣ እንደማንኛውም ሆስፒታል ሰው ይታከምበታል። ዛሬ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ለማግኘት የግድ አዲስ አበባ መሄድም አያስፈልግም፤ በየክልሉ ሆስፒታሎች አሉ። እናቴ ያኔ «ጻድቃኔ እንሂድ» አለችኝና ሄድን፣ ተጠመቅሁ፣ ከነሕመማቸው ከሩቅ የመጡ ሰዎች መሃል ተኛሁ። የኔ ነገር እነሱ መሃል ስትታይ ትንሽ ነበረች። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት ኪኒናቸውን በጠበሉ ሲውጡ አየሁና ደስ አለኝ። መድኃኒት አቋርጦ ጠበል የሚሄድ ሰው ካጋጠማችሁ የሳቸውን ነገር ንገሩልኝ።

ይህን የምጽፈው ኅዳር ላይ ነው። ሰማዩ ጠርቷል። የጠራ ሰማይ እዚህ አገር ክፉ ምልክት ነው፤ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። ትናንት ማታ እናቴን ሳስባት አደርኩ። የዘገየ ገብስ አላት፣ ገና አልታጨደም። እሷም እንደማትተኛ አውቃለሁ። በውርጭ ሌሊት የሚደረግ ነገር የለም። ጋቢዋን ተከናንባ ጋደም ትላለች፣ ዶሮ ሲጮኽ ትነሣለች፣ ማሳው ላይ ወርዳ ዛላውን በጣቷ ታሻለች። ካራገፈ ተበልቷል።

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች።

«የታችኛው ተመትቷል። የላይኛው ተርፏል።»

«ብዙ ነው የተመታው፣ እማዬ?»

«ግማሽ። ገለባው ለከብት ይሆናል። ዛሬ አጫጅ እጠራና ላይኛውን አነሣዋለሁ። አንተስ ተኝተሃል?»

«አዎ።»

«ድምፅህ አልተኛም። በል ዝጋው፣ ቡና ጥጃለሁ።»

ዘጋችው።